ያላስገባኋቸው አሥር መርፌዎች

ለተከበሩ ሲስተር የሺሃረግ ጌታሁን
የቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊ ነርስ
(የሆስፒታላችንን ስም ለክብርዎ ስል ትቼዋለሁ)

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ይልቁንም ከክፍላችን ጀርባ ያሰጡት ቡና እንደምን ሰነበቱ? ለሁለት ወር የተግባር ልምምድ የተመደብኩልዎ የነርሲንግ ተማሪ፣ የቴፒዋ ላምያ፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እነሆ።

፩. ከታካሚ ደም ሥር መርፌ እንዴት እንደሚገባ ሊያሳዩን ጓንት ባጠለቁ ቁጥር ሰማዩ ስለሚጠቁር፣ ቡናዎን ሮጠን እንድናነሣ ስላዘዙን ከልብ አመሰግናለሁ። ተመልሰን ስንገባ ግሉኮሱ ተሰቅሎ ይንጠባጠባል። ዛሬ ሚዛን ተፈሪ ገበያ ቢወስዱኝ የማንንም ቡና በእጄ ዳብሼ መድረቁን አለመድረቁን እናገራለሁ።

፪. በመስኮቱ በኩል የተኙት ወይዘሮ ዘይቱ፣ ሩጫዬን ሁለት ሳምንት ሲመለከቱ ቆይተው፣ ወደ ሕሙማኑ መቼ እንደምዛወር በደግነት ጠይቀውኛል። ጥያቄያቸውን ለእርስዎ አስተላልፌያለሁ።

፫. ባለፈው ዓርብ የልምምድ መዝገቤን ሳቀርብልዎ፣ መርፌ ለማስገባት የተሰመሩትን አሥር መስመሮች ቀና እንኳ ሳይሉ ፈርመው፣ በየአንዳንዱ ላይ “እጅግ በጣም ጥሩ” ብለው ጽፈውልኛል። እኔ እስከዛሬ አንድም አላስገባሁም።

ሲስተር፣ ተመርቄ ስወጣ ከማሻ ወዲያ ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ ብቻዬን ልመደብ እችላለሁ። ደም የሚፈስሳት ወላድ በቃሬዛ ብትመጣ ደም ሥሯን የሚፈልገው የእኔ እጅ እንጂ የእርስዎ ፊርማ አይደለም። ይህን ሳስብ እፈራለሁ፤ እዚህ ላይ አልቀለድኩም። ስለዚህ በቀረኝ አንድ ሳምንት ከአልጋው አጠገብ አቁመው እንዲያስተምሩኝ፣ ዝናብ ከመጣም ቡናው እንዲረጥብ ይፈቅዱ ዘንድ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

ቡናዎን ከሃያ ሦስት ዝናብ ያዳነች፣ ፊርማዎንም በክብር የያዘች ታዛዥ ተማሪዎ፣
ላምያ ናስረዲን

ድኅረ ጽሑፍ፦ በልምምዴ የመጨረሻ ቀን፣ በመጪው ሰኞ፣ ለሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና በክፍላችን እንደሚተኙ ሰምቻለሁ፤ ፈጣሪ ይማርዎ። ምክትልዎ ሲስተር ትርፌ መዝገቤን አገላብጠው፣ ይህን ያህል የተመሰከረላት ተማሪ እያለች ሌላ አንፈልግም በማለት ግሉኮስዎን እንድሰቅል መድበውኛል። በመዝገቡ መሠረት አሥራ አንደኛው ክንድ የእርስዎ ነው።