የእትዬ ታንጉት የስፌት መኪና የተሸጠበት ምክንያት

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ ለአቶ አገኘሁ፤ ደጀን።

አባዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ሆነ? ወንድሜ ይገረም ዳገቱን ያለ ከዘራ መውጣት ጀመሩ ብሎኝ ነበር፤ እርሱ ግን እኔን ለማስደሰት ወሬ ስለሚያሳምር ከእርስዎ ብሰማው እመርጣለሁ። እማዬስ ደኅና ናት? የዓይን ጠብታዋን ሳታቋርጥ ትጠቀማለች? ጤፉስ ሳይታጨድ ዝናብ አላገኘውም? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ጤነኛ ነኝ። ከጤና በቀር ግን ደኅና ነኝ ለማለት አፌ አልደፍር ብሎኛል።

ይህን ጉዳይ ልነግርዎት ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ በሬው ጠይቄ ዘጋሁት። ስለዚህ ጻፍኩት። እባክዎ ይገረም እንዲያነብልዎት አይስጡት፤ መነጽርዎን አድርገው ብቻዎን ያንብቡት። ጋሼ ማስረሻና እትዬ ታንጉት ለገና ወደ አገር ቤት ሊመጡ ነው። እነርሱ ምንም እንደማይነግሩዎት አውቃለሁ፤ አብሯቸው የሚመጣ ሰው ግን ያወራል። ከሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው።

እርስዎ ለሰው ሁሉ «ልጄ ሐመልማል ሆስፒታል በሽተኛ ታክማለች» እንደሚሉ አውቃለሁ፤ አላረምኩዎትም። እኔ የምሠራው ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ክፍያና ኢንሹራንስ ክፍል ነው። በሽተኛው ታክሞ ሲወጣ ሐኪሙ የጻፈውን ሕመም በመለያ ቁጥር አድርጌ ኮምፒዩተር ውስጥ አስገባለሁ፤ ኢንሹራንሱ ያንን አይቶ ለሆስፒታሉ ይከፍላል። ቁጥሩ ከተሳሳተ አልከፍልም ብሎ ይመልሰዋል። ያን ጊዜ ምክንያቱን ፈልጎ፣ አርሞ መልሶ መላክም የእኔው ሥራ ነው። ሥራ ሲበዛብኝ ግን አቋራጭ አለ፤ «ከታካሚው ይጠየቅ» የሚል ዝርዝር ውስጥ ማስገባት። ከዚያ ወዲያ ገንዘቡን ለመጠየቅ ስልክ የሚደውለው ሌላ ሰው ነው። እኔ ድምፃቸውን እንኳ አልሰማም።

ባለፈው ሰኔ እትዬ ታንጉት የሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው እዚሁ እኛ ጋ ነበር። ጋሼ ማስረሻ የሚሠሩበት አስመጪ ድርጅት ለሠራተኞቹና ለሚስቶቻቸው ኢንሹራንስ ገብቶላቸዋል። ሦስት ቀን ሙሉ እኔ ከምቀመጥበት አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው ተኝተው አላወቅኩም። «ሥራዋን አናስፈታት» ብለው አልነገሩኝም። ለነገሩ እኔም ከፋሲካ ወዲህ ቤታቸው ደርሼ አላውቅም ነበር። ለእርስዎ ግን በየሳምንቱ እንደምጠይቃቸው ነበር የምነግርዎት። አዎ፣ ዋሽቼዎታለሁ። እርስዎ ወደዚህ ሲልኩኝ አደራ ብለው የሰጡኝ ለእነርሱ ነበር፤ ሁለት ዓመት ያለ ኪራይ አኑረውኛል። እኔ ካለሁበት ከሰባተኛ እነርሱ እስካሉበት እስከ መሳለሚያ ደግሞ በእግር የሚኬድ መንገድ ነው።

የእንቁጣጣሽ ዕለት ሄድኩ። የስፌት መኪናው በነበረበት ጥግ የውሃ ጀሪካን ተደርድሯል። ሌላ ዓመት በዚያ ሰሞን እትዬ ታንጉት የተማሪ ዩኒፎርም ሲሰፉ ቀና የሚሉበት ጊዜ አልነበራቸውም። መኪናው የት ሄደ ብላቸው «ወገቤን እያመመኝ ተውኩት» አሉ። እውነቱን የነገሩኝ ጋሼ ማስረሻ ናቸው፤ እስከ አስፋልቱ ሲሸኙኝ። ኢንሹራንሱ አልከፍልም ብሎ፣ ሆስፒታሉ በየጊዜው እየደወለ ሰባ ሁለት ሺህ ብር ጠየቃቸው። መኪናውን ሸጡ፤ የጎደለውን ከዕቁብ ጓደኞቻቸው ተበደሩ። ለምን አልነገራችሁኝም ብላቸው፣ «ልጄ፣ እንጀራሽ ያለበት ቤት ሄደን እንዴት እናሳፍርሽ?» አሉኝ።

በማግስቱ መዝገቡን አወጣሁ። ቁጥሩን ያስገባሁት እኔ ነኝ አባዬ። አንድ መስመር ዝቅ ብዬ፣ ኢንሹራንሱ የማይሸፍነውን ሌላ ሕመም መርጫለሁ። ተመልሶ ሲመጣም ሳልከፍተው፣ ከሌሎች ስድሳ ስሞች ጋር «ከታካሚው ይጠየቅ» ብዬ የፈረምኩት እኔው ነኝ።

ከዚህ የባሰውን ደግሞ ልንገርዎት። ካወቅኩ በኋላ ሁለት ሳምንት ዝም አልኩ። የክፍሉ ምክትል ኃላፊ ልሆን እጩ ነበርኩ፤ ውሳኔው እስኪወጣ ልጠብቅ ብዬ ራሴን አታለልኩ። አንድ ቀን እትዬ ታንጉት ራሳቸው ደወሉልኝ። «ሐሙዬ፣ እናንተ ጋ የጽዳት ሠራተኛ ይፈልጉ ይሆን? ጠይቂልኝ እስቲ፤ ቁስሉ እንደሆነ ድኗል» አሉኝ። ስልኩን ዘግቼ በቀጥታ ወደ አለቃዬ ወደ ወይዘሮ ሩዋይዳ ገባሁ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። አልጮሁብኝም። የኢንሹራንሱን ውሳኔ መቃወሚያው ቀን ሊያልፍ ስንት እንደቀረው ጠየቁኝ፤ ዘጠኝ ቀን አልኳቸው። «መጀመሪያ የሴትየዋን እንላክ፤ ስለ አንቺ በኋላ እናወራለን» አሉ። ሐኪሙ የማስተካከያውን ወረቀት ፈረመ፤ እኔ ራሴ ይዤው ኢንሹራንሱ ቢሮ ሄድኩ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ከፈሉ፤ ሆስፒታሉም ብሩን ለጋሼ ማስረሻ መለሰ። እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ቦታውም ለሌላ ሆነ። የሚገባኝ ነው።

ቤታቸው ሄጄ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነገርኳቸው። ጋሼ ማስረሻ መሬት መሬት አዩ። እትዬ ታንጉት ግን «ስሜ ወረቀቱ ላይ ነበረ?» ብለው ጠየቁኝ። ነበረ አልኳቸው። «ታዲያ አላነበብሽውም?» አሉኝ።  ቀጥለውም «በይ ተነሽ፣ እራት ቀርቧል» አሉ። 

ብድሩን ከፍለው ሌላ መኪና ገዝተዋል፤ እንደ ፊተኛው ግን አይደለም፣ ዋጋው ጨምሮ ያገለገለ ነው ያገኙት። ልዩነቱን ከደመወዜ ልሙላ ብል ጋሼ ማስረሻ እምቢ አሉ። የመስከረሙ የዩኒፎርም ሥራም አመለጣቸው፤ ደንበኞቻቸው ሌላ ሰፊ ይዘዋል። ይህን በምን እንደምመልሰው አላውቅም።

አባዬ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። በእኔ ፈንታ ይቅርታ ለመጠየቅ እንዳይደውሉላቸው። ለእርስዎ ሲሉ ምንም አይደለም ይላሉ፤ እኔ ደግሞ በዚያ መገላገል አልፈልግም። አሁን በየእሑዱ እሄዳለሁ። ድሮ በሩን ገፍቼ ነበር የምገባው፤ አሁን አንኳኩቼ ግቢ እስኪሉኝ እጠብቃለሁ። እትዬ ታንጉትም ለእንግዳ የሚያወጡትን ብርጭቆ አጥበው ነው ውሃ የሚሰጡኝ። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። እርስዎ ግን ይቆጡኝ፤ ዝም አይበሉኝ።

እማዬን ጉልበቷን ስሜያለሁ ይበሉልኝ፤ ይህን ግን ቀስ ብለው ይንገሯት። ይገረምን፣ ባለቤቱንና ትንሿን ልጃቸውን ይሳሙልኝ። አክስቴን ቦሰናን ሻሿን ገዝቼላታለሁ፣ በሰው እልካለሁ ይበሏት።

ልጅዎ ሐመልማል
አዲስ ከተማ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር ፲፬ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.