ቀዩ ብርድ ይወዳል

ኮሎምቢያ ሃይትስ፣ ሚኒሶታ
ሰኞ፣ የካቲት 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለፀሎት፣

ባለሽበት የእግዚአብሔር ሰላም ይድረስሽ። እኔና እናትሽ በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽሽም።

አባቴ በዚህ ዘመን ደብዳቤ ጻፈልኝ ብለሽ እንዳትስቂ። ስልክ አታነሺም። ቴክስት እንዳላደርግልሽ፣ አንቺው ያገናኘሽልን ነገር የእኔን መልእክት ሁሉ እናትሽ አይፓድ ላይ ይዘረግፈዋል፤ የምነግርሽ ደግሞ እሷ እንድታየው የማልፈልገውን ነው። ስለዚህ ልጆቹን ትምህርት ቤት አውርጄ፣ አውቶቡሴን ሮዝቪል ገበያው ጀርባ አቁሜ፣ መሪው ላይ ወረቀት ዘርግቼ ነው የምጽፍልሽ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን እያለቀስሽ የተማርሽው ፊደል ዛሬ ይጥቀመን። ቀስ ብለሽ አንብቢው። ያቃተሽን ጓደኛሽ ሜቲ ታንብብልሽ፤ እሷ ምስጢር ታውቃለች።

ሜቲ ባለፈው ሳምንት ደውላልኝ ነበር። አትቆጫት። ፊኒክስ ቤቷ ካስጠጋችሽ ጊዜ ጀምሮ መጋረጃ እንዳልከፈትሽ፣ ምግብ ቀምሰሽ እንደምትተይ፣ የቀለም ዕቃሽን ሁሉ አውጥተሽ ልትጥይ ስትይ እንደደበቀችብሽ ነገረችኝ። «ጋሼ፣ እጄ የነካው ሁሉ ይሞታል ትላለች። እኔ ፈራሁ» አለችኝ። እኔም ፈርቻለሁ ልጄ። አውቶቡሱን ስነዳ ፊኒክስ ያለው ያ ጨለማ ክፍል ነው የሚታየኝ፤ አንድ ቀን ቀይ መብራት ጥሼ ልሄድ ምንም አልቀረኝም።

ስለዚህ ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ። እጅሽ ምንም አላጠፋም። ቀዩን ያበላሸሽው አንቺ አይደለሽም። አሁን ተቀመጪና ከመጀመሪያው ስሚኝ።

ያን ሥራ ስትጀምሪ እንደሳቅኩብሽ ታስታውሻለሽ። የዛሬ ሺህ ዓመት የጃፓን ቤተ መንግሥት እመቤቶች አንዱን ባንዱ ላይ ይደርቡት የነበረውን የሐር ልብስ፣ በዚያው በጥንቱ አሠራር፣ በቅጠልና በሥር ቀለም እየነከርሽ መልሰሽ ልትሠሪ! አስተማሪሽ ወይዘሮ ኖዳ ሙያውን የሚረከበኝ ሰው አገኘሁ ብለው ሲደሰቱ፣ እኔ ነርሲንግ ብትማሪ ይሻል ነበር እያልኩ አጉረመርም ነበር። ከዚያ አረንጓዴው ወጣ። ሐምራዊው ወጣ። እናትሽ ሐምራዊውን ጉንጯ ላይ ስትለጥፍ ሳይ ማጉረምረሜን ተውኩ። ቀዩ ብቻ ቀረ። ቀዩ ከምን እንደሚወጣ ስትነግሪን ደግሞ ከወንበሬ ልወድቅ ነበር። ከእሾሃማው ሱፍ አበባ! እናትሽ ለጾም ከምትወቅጠው ሱፍ! እኛ ከፍሬው በቀር ምን እናውቃለን? በዚያ ዘመን ደማቁን ቀይ ንጉሥ ያልፈቀደለት ሰው አይለብሰውም ብለሽ አጫወትሽን። እናትሽ «ታዲያ ላንቺ ማን ፈቀደልሽ?» ስትልሽ፣ «ዩ ዲድ፣ ማሚ» ብለሽ ሳምሻት።

ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ጋራዥ ውስጥ ነበርሽ። አበባውን በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፈሽ ቢጫውን አጥበሽ ትደፊያለሽ፤ ከዚያ በአመድ ውሃ ታሺዋለሽ፤ ያኔ ነው ቀዩ የሚወጣው። ብርዱ በበረታ ቁጥር ሥራው ያምራል ስትይ፣ እንግዲያው ከሚኒሶታ የተሻለ የትም አታገኚም ብዬሽ ነበር። ግን እጅሽ ተሰነጣጠቀ። ጣቶችሽ አልታጠፍ አሉሽ። በየመሃሉ ልትሞቂ ወደ ቤት ትገቢያለሽ፤ እናትሽ ሻይ ትቀዳልሻለች፤ ከዚያ «መጣሁ» ብላ ትወጣለች።

ማንቆርቆሪያውን ይዛ ነበር የምትወጣው።

አይቻታለሁ። «ምን ልታደርጊበት ነው?» ብዬ ጠይቄያታለሁ። «የውሃውን ብርድ ልስበርላት። የልጄ እጅ ሊቆረጥ እኮ ነው፣ አንተ ዝም ብለህ ታያለህ!» አለችኝ። እኔም ደግ አደረግሽ አልኳት። ማን ምን ያውቃል? አንቺ ሻይሽን ጠጥተሽ፣ ስልክሽን አይተሽ እስክትመለሺ ጋራዡ ውሃውን መልሶ ያቀዘቅዘዋል። በምን ታውቂያለሽ? ሐሩ በወጣ ቁጥር እንደ አሮጌ ጡብ ደብዝዞ ይወጣል፣ አንቺ እንደገና ትጀምሪያለሽ፣ እሷም እንደገና ታዝንልሽና ማንቆርቆሪያውን ትጥዳለች። በመጨረሻ ሻንጣሽን ይዘሽ ወጣሽ።

ከሄድሽ በኋላ ወይዘሮ ኖዳ ከሴንት ፖል መጡ። ሐሩን መስኮቱ ላይ ዘርግተው ብዙ አዩት፤ አሸተቱትም። «ይህ ሙቀት አግኝቶታል» አሉኝ። «ቀዩ ብርድ ይወዳል። ውሃው ለብ ካለ ይሞታል። ፀሎት ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች፤ እንዴት ሆነ?» ያን ጊዜ ሁሉ ነገር ገባኝ። «አይ ዶንት ኖው፣ ማም» አልኳቸው። እናትሽ ወጥ ቤት ሻይ እያፈላች ነበር። እንግሊዝኛ በፍጥነት ሲነገር አይገባትም፤ ተመስገን አልኩ። ሻዩን አምጥታ ለእሳቸው ቀዳች፣ ለእኔ ቀዳች፣ ለራሷ ሳትቀዳ ተቀመጠች።

«አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» የሚለው ተረት አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት። ይህ ተረት ለእናትሽ አይሆንም። ለምን እንደማይሆን ነግሬሽ አላውቅም፤ ዛሬ ልንገርሽ።

ሳሎን ያለው ፎቶ ላይ የምታይው ወንድምሽ አማኑኤል በሳንባ ምች እንደሞተ ታውቂያለሽ። የማታውቂው ይህን ነው። አዲስ አበባ በቀበሌ ቤት ነበርን፤ ክረምት ነው፤ ውሃ የምናሞቅበት ላምባ ከገበያ ጠፍቷል። ሕፃኑ ራሱን አቆሽሾ ስለነበር እናትሽ በቀዝቃዛ ውሃ አጠበችው። በዚያው ሳምንት ታመመ፤ አልተነሳም። ሐኪሙ በሽታው ከዚያ በፊት ደረቱ ውስጥ ነበር፣ ውሃው አይደለም ብሏታል። እኔም ምዬ ተገዝቼ ነግሬያታለሁ። ለቅሶ የመጡት ሴቶች ግን «ብርድ ነው የወሰደው» ተባባሉ፤ ሰማቻቸው። እኔን ሳይሆን እነሱን አመነች። ከዚያ ወዲህ ቀዝቃዛ ውሃ ጠላቷ ነው። አንቺ በሐምሌ ሙቀት ካልሲ አድርጊ ስትልሽ «ማሚ፣ ስቶፕ» እያልሽ የምትበሳጪበት ነገር ሁሉ ከዚያች ጠዋት የመጣ ነው።

እንግዲህ ፍረጂኝ። አንዱን ልጇን በቀዝቃዛ ውሃ ያጣች የሚመስላትን ሴት፣ ሁለተኛዋን ደግሞ በሙቅ ውሃ አባረርሽ ልበላት? ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አንዴ ከነገርኳት መመለሻ የለውም። ላንቺ ካልነገርኩሽ ደግሞ አንቺ በእጅሽ ላይ ፈርደሽ ጨለማ ውስጥ ተኝተሽ ትቀሪያለሽ። ከሁለታችሁ ማንን ልክዳ? ስንት ቀን ይህን ወረቀት ጀምሬ ቀደድኩት መሰለሽ።

እሷም ደህና አይደለችም። ትንሽ ነው የምትናገረው። ወይዘሮ ኖዳ ከመጡ ወዲህ ሻይ የሚባል አልቀመሰችም። ጾሙ ገና ሳይገባ «ለጾም እየተለማመድኩ ነው» አለችኝ፤ አሁን ጾሙ ሲገባ ደግሞ «ሱባኤ ነው» ትለኛለች። ሻይ የሚያስፈስክ ሆኖ ነው? ማንቆርቆሪያው እንኳ ከምድጃው ላይ ተነስቷል፤ ቁም ሳጥን ውስጥ ከትታው መሰለኝ። በዚያ ላይ የጋራዡ መስኮት ተበላሽቶብኛል። ጠዋት ስነሳ ወለል ብሎ አገኘዋለሁ። ብርዱ ወደ ቤት ገብቶ እንዳይመታት እዘጋዋለሁ፤ በነጋታው እንደገና ተከፍቶ ይጠብቀኛል።

ልጄ፣ እለምንሻለሁ፤ ነይ። ወይዘሮ ኖዳ ፍሪዘራቸው ውስጥ ለአንድ ጊዜ የሚበቃ አበባ አስቀርተዋል። «ከእሷ በቀር ለማንም አልሰጠውም» ብለዋል፤ ዕድሜያቸውንም ታውቂዋለሽ፣ የሚመጣውን ክረምት ቃል አይገቡልንም። መጋቢት ሲጋመስ እዚህም በረዶው ይቀልጣል። አሁን ብትመጪ ይደርሳል። የምለምንሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንዳወቅሽ አትንገሪያት። ሻይ ስታፈላልሽ ጠጪላት፤ ካልሲ አድርጊ ስትልሽ አድርጊላት። ማንቆርቆሪያውን ለእኔ ተይው፤ ፈልጌ አገኘውና ከእጄ ወድቆ ተሰበረ እላታለሁ። ብትጮህብኝ ትጩህብኝ፤ ለምጄዋለሁ።

መምጣት ካልቻልሽ ደግሞ ልብሱ ይቅር። ጃፓኖቹ ያለ ቀይ ሺህ ዓመት ይኑሩ። አንቺ ብቻ መጋረጃውን ክፈቺ፣ እህል ቅመሺ፣ ስልኩን አንዴ አንሺና «ሃይ ዳዲ» በይኝ። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም። እኛ ከአንቺ በቀር ምን አለን?

ከዚህ በታች ያለውን ከቤት ሆኜ ነው የምጽፈው። እናትሽ ድንገት ደረሰችብኝና «ለማነው?» አለችኝ። «ለፀሎት ሰላምታ ነው» አልኳት። «ከታች ቦታ ተውልኝ» አለች። አትስጊ፤ ላይኛውን አጥፌ፣ እጄን ጭኜበት፣ ባዶውን ብቻ ነው የምሰጣት። ከጻፍኩት አንዲት ቃል አታይም።

አንቺን የሰጠን አምላክ እነዚያን እጆችሽን ይጠብቃቸው። የነኩት ይለምልም። በሰላም ግቢ ልጄ፤ በሩ ክፍት ነው።

አባትሽ አክሊሉ

ፀሎቴ፣ እኔ ነኝ፣ እናትሽ። አባትሽ እንደ ፈተና ወረቀት በክንዱ ሸፍኖ ቆሞብኝ ነበር፤ አሁን የዓይን መነጽሩን ፍለጋ ስለሄደ ቶሎ ልጻፍልሽ። ማንቆርቆሪያውን ለጎረቤታችን ለየትምወርቅ ሰጥቻታለሁ፤ ቤታችን ውስጥ የለም። አባትሽ አያውቅም፤ አንቺም አትንገሪው፣ እንዳያዝን። የጋራዡን መስኮት ማታ ማታ እከፍተዋለሁ፣ እሱ ጠዋት ይዘጋዋል። ትላንት የቀለም ገንዳሽን አጥቤ ውሃ ሞላሁበት፤ ዛሬ ላዩ በረዶ ሠርቶ አገኘሁት። በጣቴ ሰብሬ እጄን እስከ ክርኔ አስገብቼ አቆየሁት። ያማል ልጄ፤ ግን ይቻላል። ነይ፣ ውሃሽን አቀዝቅዤልሻለሁ።

እማዬ