ከአጥሩ ማዶ የሚቆሙት ሽማግሌ

ውድ ተስፋ፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኔና ሚርያም ደህና ነን፣ ፍርሃቴን ካልቆጠርከው።

የላክኸው የሚርያም መሄጃ የፈቃድ ወረቀት ደርሶኛል። ሐሙስ ደሴ ሄጄ ከፈረምኩ ልጃችን በወሩ አንተ ዘንድ ትሆናለች፤ እኔ የራሴ ጉዳይ እስኪያልቅ እጠብቃለሁ። እናትህ ቤተ እስራኤል በመሆናቸው ወደ እስራኤል መንገዱ ተከፈተልህ፤ አልተመቀኘሁህም። የምፈራው ቤቱን ነው።

መጤዎችን የሚያሰፍረው ድርጅት ኮረብታው ላይ የሰጠህን ቤት በስልክ ስታሳየን ሚርያም መኝታ ቤቷን አይታ ጨፈረች። እኔ ግን የማየው በመስኮቱ ነበር። ከአጥሩ ማዶ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። ማን ናቸው ብልህ፣ «ተያቸው፣ የአካባቢው አረብ ናቸው፣ በየቀኑ መጥተው ይቆማሉ። መሬቱ የእኔ ነው ይላሉ፤ ድርጅቱ ደግሞ በሕግ ነው የያዝነው ብሎናል» አልከኝ።

ሳታገባኝ በፊት የሆነ፣ ያልነገርኩህ ነገር አለ። እዚህ ኮምቦልቻ የምሠራበት ፋብሪካ የቆመው በአባቴ የጤፍ ማሳ ላይ መሆኑን ታውቃለህ። ያም በወረቀት ነው የተወሰደው። አባቴ ግን በየማለዳው እየመጣ፣ የወሰን ድንጋዩ በነበረበት ቦታ አጥሩን ይዞ ይቆም ነበር። አንድ ጠዋት ከጓደኞቼ ጋር ስገባ ጥበቃው ጀሚል አስቆመኝና፣ «እህቴ፣ እኒህ አባት ወላሂ ሰው እያስፈሩ ነው። ያንቺ ናቸው እንዴ?» አለኝ።

እንጀራዬን ፈራሁ። አላውቃቸውም አልኩ።

አባቴ ሰምቶኛል። እራት ላይ እንደ ወትሮው አጎረሰኝ። በማግስቱም ሄዶ ቆመ፤ እስኪሞት ድረስ ቆመ።

ሽማግሌው ድንጋይ ይወረውራሉ ብዬ አይደለም የምፈራው። አባቴም አንድ ቀን ድንጋይ አላነሳም። ግን በፋብሪካው በር የሚወጣ የሚገባውን ሰው ሁሉ መልኩን ለይቶ ያውቅ ነበር። ልጄ በዚያ መስኮት እየታየች ስታድግ፣ አንድ ቀን ደግሞ እንደ እናቷ አላውቃቸውም ስትል ይታየኛል። ሁለቱንም እፈራለሁ፣ ተስፋዬ።

ወረቀቱን አልቀደድኩትም፤ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ። ውጣና ሽማግሌውን ሰላም በላቸው፣ ስማቸውንም ጠይቅልኝ። ስማቸውን ካወቅህ በኋላም ልጄን በዚያ ቤት ማሳደር የሚያስችል አንጀት ካለህ፣ ያን ጊዜ እንነጋገራለን። እስከዚያ ደሴ አልሄድም።

ያን ቀን ለጀሚል የከለከልኩትን የአባቴን ስም ላንተ ፈርሜዋለሁ።

ያለምወርቅ አራጋው
ኮምቦልቻ