እግሩ ቀድሞ ያደገው

ኩልመስክ፣ ኅዳር 1979

እታገኘሁ፣ እንደምን ከረማችሁ?

ካርዱ ላይ የምታዪው ቤተ ጊዮርጊስ ነው። እኔ ግን ገብስ ማሳ ውስጥ ተቀምጬ ለዩኒቨርሲቲው ጥናት የዱር አይጥ እለካለሁ። ዛሬ የአንዱን የኋላ እግር በማስመሪያ ስለካ የማሳው ባለቤት እማማ ውዱ አዩኝና፣ «ምነው ልጄ፣ ጫማ ልታሰፊለት ነው?» አሉኝ። ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ግን ደሴ፣ የእናንተ በር ትዝ አለኝ።

ወንዱ አይጥ በክብደት ሴቷን የሚበልጣት ካደገ በኋላ ነው፤ ልጅ ሳሉ አይለያዩም። እግር ግን ከሁሉም ቀድሞ ያድጋል። ገና ጡት የተወ አይጥ የአዋቂ እግር ይዞ ይሮጣል፤ ልክ እንደ ወንድምሽ እንደ አለነ። በራችሁ መቃን ላይ ቁመታችንን በከሰል ስንለካካ እሱ ገና ትከሻችን ጋ ነበር፤ የአባትሽ ጫማ ግን ልኩ ነበር። ለውትድርና ሊመለምሉ የመጡትም እግሩን አይተው «ደርሷል» ብለው ወሰዱት። ምነው ያኔ ይህን ባወቅሁ!

ካርዱ ሞላብኝ። እትዬን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ለገና ቤቱን ቀለም ስትቀቡ መቃኑን ተዉት፤ አለነ ሲመጣ እንደገና እንለካዋለን።

ሸጌ