አንዲት አረንጓዴ ክኒን

አምስተርዳም፣ ኅዳር 2009 ዓ.ም.

ለተወደዱ አማቴ፣

እማማ፣ እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎን ተሻለዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ስልክ በደወሉ ቁጥር ከልጅዎ አስቀድመው የሚጠይቁት የእኔን ጤና ነበር። ከሳሽ እንዴ፣ ያስልሻል እንዴ ይሉኛል። እንዲህ ያለች አማት ማን አላት እያልኩ በቤተ ክርስቲያን እህቶች ፊት ስኩራራ ኖሬአለሁ።

የምጽፍልዎ በስልክ የማይባል ነገር ስላለኝ ነው። ሚያዝያ ላይ፣ በምሠራበት የሱሰኞች ማገገሚያ፣ አንድ በሽተኛ ፀጉሬን ጨምድዶ ከግድግዳ ጋር አላተመኝ። ራሱን የወጋበትን መርፌ ክንዴ ላይ ሰክቶ አዞረው። በደሙ ቫይረሱ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ሐኪሟ የዚያኑ ቀን ደሜን መርምራ ንጹሕ መሆኑን ነገረችኝ፤ እንዳይዘኝም በየቀኑ የምውጠው ክኒን ሰጠችኝ። ወር እስኪሞላ አንድም ቀን እንዳታሳልፊ አለችኝ።

ለልጅዎ መንገር ፈራሁ። ክኒኑን ከብልቃጡ አውጥቼ ኮረሪማ ጣሳ ውስጥ ደበቅኩት። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ የእኛን ያወጣው ኮረሪማ ነው። እሑድ ከአምልኮ ተመልሰን ወጥ ልሥራ ብሎ ጣሳውን ከፈተ። ስሜ የተጻፈበት ብልቃጥ የለው፣ የሐኪም ወረቀት የለው፣ ክኒን ብቻ። አንዷን አንስቶ አየና ፊቱ ተለዋወጠ። ከማን አመጣሽው አለኝ። በጥፊ መታኝ፣ ስወድቅ በእርግጫ ደገመኝ። አንድ ጥርሴ ወለሉ ላይ ቀረ። ክኒኑን ሁሉ ሽንት ቤት ጨምሮ ውኃ ለቀቀበት።

ደም እየተፋሁ የመርፌውን ነገር ነገርኩት፤ ክንዴንም አሳየሁት። መድኃኒት ቤቱ ዝግ ነው፣ የዛሬውን ካልዋጥኩ ገደልከኝ እያልኩ ጮህኩ። ከዚያ ጓዳ ገባና የሥራ ጫማውን ካርቶን ሲያንኮሻኩሽ ሰማሁ። ሲመለስ በአንድ እጁ ውኃ፣ በሌላው አንዲት አረንጓዴ ክኒን ይዞ ነበር። ያችው ናት፤ ቀለሟም፣ ላይዋ ላይ የተቀረጸውም። ዋጥኳት። ከየት እንዳመጣት አልጠየቅኩትም።

በማግስቱ ሐኪሟ ሌላ ሰጠችኝ። እሱን የጨረስኩት እዚህ፣ ጓደኛዬ ብዙወርቅ ቤት ነው። ሙርዋይክ ወዳለው ቤታችን አልተመለስኩም።

እማማ፣ ከሠርጋችን በፊት ፓስተር ሙሉነህ የሁለታችንን የደም ምርመራ ሲጠይቁ የእኔ ቀረበ። ስለ ልጅዎ ግን እርስዎ ተነሥተው እኔ ዋስ ነኝ አሉ። እናት ዋስ ስትሆን ማን ይከራከራል? አባቴ አፍሮ እሺ አለ።

ባለፈው ሳምንት የመጨረሻው ምርመራ መጣ፤ ደሜ ንጹሕ ነው። እንግዲህ ስለ እኔ መክሳት አይጨነቁ። ሲደውሉ የልጅዎን ጤና ይጠይቁት። ብቻውን ነው፤ ክኒኑንም ጫማ ካርቶን ውስጥ አይደብቅ።

ጌታ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። መጥቼ ዋሴን እስክጠይቅ ድረስ ያቆይልኝ።

ምራትዎ የነበርኩት