ደህና ናት፣ ንጂያት

ጥቅምት 3፣ ሐሙስ

የመጨረሻዎቹ የተማሪ ዩኒፎርሞች ዛሬ ከስፌት ቤቱ ወጡ። አለቃዬ እረፍትሽን ውሰጂ አለችኝ። ቁልፍ መትከል፣ ቁልፍ መትከል... ጣቶቼ የኔ አይመስሉኝም።

ቤት ስደርስ አባዬ ግቢው ውስጥ «አሮጊቷን» እየወለወለ ነበር። ሞተር ሳይክሏን። ወገቤን አመመኝ ብሎ ጋራዡን ከዘጋ ወዲህ የሚነካው እሷን ብቻ ነው። ብቻዬን ሐይቁ ድረስ ልሂድባት አልኩት። እሱና እማዬ እንደተጋቡ የሄዱበት ሐይቅ። ዝም። እማዬ ጠጋ ብላ ደገመችለት። ልጅ ሲያስቸግር አለመስማት የአባቶች ብልሃት ነው መሰለኝ...

ጥቅምት 5፣ ቅዳሜ

ፈቀደ! ግን አንድ ነገር አለው። ማታ ማታ ባረፍኩበት ሞተሩን አስነስቼ ስልኩን እንዳስጠጋለት። ሰምቶ ደህና ናት ካላለ በማግስቱ አልነዳም።

እንዴት እምቢ ይባላል? ሰፈሩ «ጆሮ» ብሎ የሚጠራው ሰው ነው። ልጅ ሆኜ፣ ምሳ ላይ ተቀምጠን በውጭ ሞተር ሲያልፍ፣ ጉርሻውን ሳይውጥ «ካንዴላው ተበላሽቷል» ይል ነበር። ሰውየው በሁለተኛው ቀን ካንዴላ ሊያስቀይር ይመጣል።

ጥቅምት 6፣ እሁድ

ወጣሁ። እማዬ ሹራብ ላይ ሹራብ አልብሳኝ እጄ አልታጠፍ ብሎ ነበር። ከተማው ካለቀ በኋላ ሁለቱን አውልቄ ሻንጣዬ ላይ አሰርኳቸው። ይቅር ትበለኝ።

መንገዱ... ምን ብዬ ልጻፈው? በቀኝ ገደል፣ በግራ ቢጫ ማሳ። ጉም ውስጥ ስገባ ጥሩምባ እየነፋሁ፣ ስወጣ ለብቻዬ እየሳቅሁ። ማንም የማያውቀኝ፣ ማንም ቁልፍ ትከይ የማይለኝ ቀን።

ማታ ስልኩን ሞተሩ ላይ አስጠጋሁ። «ደህና ናት፣ ንጂያት» አለ።

ጥቅምት 7፣ ሰኞ

ዳገቱ ላይ አንድ ነገር ሰማሁ። ቀጭን ኳኳታ፣ ጥርስ እንደሚያፋጭ ሰው። ሜዳ ላይ ጠፋ። ወይስ ሐሳቤ ነው?

ማታ አሰማሁት። «ደህና ናት፣ ንጂያት።» እፎይ። የኔ ጆሮ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ከሱ የበለጠው?

ጥቅምት 8፣ ማክሰኞ



አንድ ተራራ ሥር ያለች ከተማ ስገባ አንድ መካኒክ ከመንገዱ ማዶ እጁን እያወዛወዘ ሮጦ መጣ። አጥፊያት አለኝ። ጎንበስ ብሎ አየ። ዘይቱ በጎን ሲያንጠባጥብ ከርሞ አልቋል። ትንሽ ብነዳ ሞተሩ ደርቆ ጎማው እዚያው ይቆለፍ ነበር። ዳገቱን ጨርሼ ቁልቁለቱ ላይ ቢሆን... አለና ተወው። እኔም ገደሉን አሰብኩት።

«ይሄ እኮ ከሩቅ ይሰማል። ምን ብለሽ ነዳሽ?»

አባቴ ደህና ናት ብሎኝ ነው ልበለው?

ሰውየው ሲፈታታ እማዬ ጋ ደወልኩ። አባዬ አጠገብሽ ካለ ውጪ አልኳት። ወጣች። መጀመሪያ አድበሰበሰች፣ ከዚያ አለቀሰች። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ነው። ግራ ጆሮው ጨርሶ ሄዷል፣ ቀኙ ትንሽ ቀርቶታል። ወገቡስ? ስላት፣ ወገቡ ካንቺ ወገብ ይሻላል አለችኝ። ጋራዡ የተዘጋው ለዚህ ነው። ለልጄ እንዳትነግሪ ብሎ አስምሏታል።

«ስልክ ላይ የምትይውን እኔ እደግምለታለሁ» አለች። «ሞተሩን ግን እንዴት አድርጌ ልድገምለት?»

ጥቅምት 9፣ ረቡዕ

ሐይቁ። መካኒኩ ጠግኖልኝ ደረስኩ። ውሃው አልተንቀሳቀሰም፣ እኔም ብዙ ሰዓት አልተንቀሳቀስኩም።

ዛሬ ስልኩን ላስጠጋ ወይስ ልተወው? ብተወው እንዳወቅሁበት ይገባዋል። አስጠጋሁ። እንደ ወትሮው «ደህና ናት፣ ንጂያት» አለ። ዛሬስ እውነቱን ነው። ሄልሜቴን ሳላወልቅ አለቀስኩ።

ሐይቁ እንዴት ነው? አለኝ። እማዬ እንድትደርስልኝ ቀስ እያልኩ፣ እየቆምኩ ነገርኩት። ሸምበቆውን፣ ጀልባዎቹን፣ ማዶ ያሉትን ኮረብታዎች። እንዲህ ረጅም አውርተን አናውቅም... አባዬ፣ ምን ያህል ብቻህን ነበርክ?

ጥቅምት 12፣ ቅዳሜ

ቤት ነኝ። ላልነግረው ወስኜ ነበር። ግን ገና ሳልቀመጥ አሮጊቷ ሥር ተንበረከከ፣ በጣቱ ዘይት የሚይዘውን አዲሱን ጎሚኒ ዳሰሰ፣ ቀና ብሎ አየኝ። ምን ይደበቃል?

በሕይወቴ አባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም። ዛሬ እንዲሰማኝ እየጮህኩ ሁሉንም ነገርኩት። ጎረቤት ጣልቃ ለመግባት አጥሩ ላይ ተንጠለጠለ።

አባዬ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለ። «ልገድልሽ ነበር» አለ።

ኳኳታውን እኔም ሰምቼ ነበር አልኩት። ታዲያ ለምን አልቆምሽም? አለኝ። «አንተ ደህና ናት ስላልከኝ» ብዬ ጮህኩ። አንገቱን ደፋ። አቅፌው ቆየሁ፣ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። እማዬ በሩ ላይ ቆማ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አልደገመችም።

ጥቅምት 26፣ ቅዳሜ

ጋራዡ ከተከፈተ ሳምንቱ። ሐኪሙ ለቀኝ ጆሮው ማዳመጫ አዞለታል፣ እስኪመጣ ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬው ነኝ። ሞተር ማዳመጥ ሲያስተምረኝ ቁጡ ነው። የሰማሁትን አፌን ሞልቼ ካልተናገርኩ መፍቻ አይሰጠኝም።

ዛሬ አንድ የማናውቀው ሰው ሞተሩን እየገፋ መጣ። ጆሮ የሚሉህ አንተ ነህ? አለው። እኔ ልመልስ አፌን ስከፍት አባዬ የሰውየውን ከንፈር አይቶ ቀደመኝ።

«ነበርኩ። እኔ አሁን አልሰማም» አለ፣ ዘይቱን ከእጁ እየጠረገ። «ለልጄ አስነሳላት።»