በራሴ ስም ገባሁ

ይድረስ ለምሳሳልሽ ልጄ፣ ለቤቴ በኩር።

እንደምን ሰነበትሽ? እንደምን ከረምሽ? ያ ብርድ ሲመጣ የሚቀሰቀስብሽ ሳል ለቀቀሽ ወይስ እንደ ክፉ እንግዳ ተመልሶ ይመጣል? ባለቤትሽስ እንዴት ነው? ወገቡን ተሻለው ወይስ አሁንም ከወንበር ሲነሳ እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል? ልጆቹስ? ትልቋ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ አፏን በእጇ ትይዛለች ብለሽኝ ነበር፤ አዲሱ በቀለላት? ትንሹስ መራመዱን ሳይጨርስ መሮጥ ጀመረ አሉ፤ እውነት ነው? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ ያማርራል፤ እኔም አልሰማውም፤ እንዲህ ተቻችለን እንኖራለን።

ፊደሉ ሲንጋደድ አይተሽ ደንግጠሽ ይሆናል። አትደንግጪ፣ አልታመምኩም። ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ስለሆነ ነው። እስከ ዛሬ ስታነቢው የኖርሽውን እኔ እየተናገርኩ ጎረቤታችን አስተማሪው ነበር የሚጽፍልኝ። ደግ ሰው ነው፣ ግን አንድ አመል አለው። እኔ ጠንከር አድርጌ የተናገርኩትን እሱ አለስልሶ ያወርደዋል። ባለፈው «አባዬ፣ ሥራው ይበቃሃል፣ እኛ ጋ ና፣ ክፍል አዘጋጅተንልሃል» ብለሽ ስትጽፊ እኔ «አልመጣም በላት» ነበር ያልኩት። እሱ ግን «እስቲ እናስብበታለን» ብሎ ላከልሽ። ይህን ያወቅሁት መልስሽ መጥቶ ፊደል በፊደል ስለቅመው «በማሰብህ ደስ ብሎኛል፣ መጋረጃውንም ሰቅያለሁ» የሚል ሳገኝ ነው። ሄጄ ተጣላሁት። «ልጅዎን እንዳይከፋት ብዬ ነው» አለኝ። «የገዛ ልጄን ማስከፋት ካለብኝ እኔው ራሴ አስከፋታለሁ፣ ላንተ ውክልና አልሰጠሁህም» አልኩት። ታርቀናል፤ ግን ብዕሩን ተቀብዬዋለሁ። ስለ መጋረጃው ኋላ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ሥራ ቤት የሆነውን ልንገርሽ፤ መልሴ የሚገባሽ ያን ጊዜ ነው።

የምሠራበትን ታውቂዋለሽ። የውሃ መግፊያው ጣቢያ እንዳለ ነው፤ ፓምፖቹ ከታች፣ ታንከሮቹ ኮረብታው ላይ፣ እኛ ደግሞ መሐል ላይ መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ። አንቺ ልጅ ሳለሽ ውሃው የት እንደደረሰ ለማወቅ በእግራችን እንወጣ ነበር። አሁን ስክሪን ላይ ነው የምናየው። ታንከሩ ሲሞላ ሰማያዊው ዓምድ ከፍ ይላል፣ ሲጎድል ይወርዳል፣ ከልኩ ካለፈ አላርሙ ጡት እንደተነጠቀ ሕፃን ይጮሃል። እዚያው ተቀምጠሽ በማውስ አንዲት ነጥብ ስትነኪ ከታች ፓምፑ ያጓራል። ይህን ሁሉ አንድ ላይ የያዘውን እኛ ሲስተም እንለዋለን። ሲስተሙም እንደ ማንኛውም ማሽን ጥገና አለው። ዘይት አይቀየርለትም እንጂ በየጊዜው ባለሙያ ይመጣለታል። አቧራው ይራገፋል፣ ውስጡ ያለው ሁሉ፣ ማን መቼ ምን እንደነካ የሚያሳየው መዝገብ ሳይቀር፣ ተገልብጦ ሌላ ቦታ ይቀመጣል፣ አዲሱ ሶፍትዌር ይጫናል፣ ከዚያ ኮረብታው ላይ የውሃውን ልክ የሚለኩት ሴንሰሮች አንድ በአንድ ይፈተናሉ። ጥገናው ሲደረግ ስክሪኑ ስለሚጠፋ እኛ እንደ ድሯችን በእግርና በእጅ እንሠራለን። ያቺን ቀን እወዳታለሁ።

ዘንድሮ ለጥገናው የመጣችው በዕድሜ ከታናሽ እህትሽ የማትበልጥ ልጅ ናት። ገና ከበሩ «አባባ እንደምን ዋሉ» አለችኝ። «አባባ የምባለው ቤቴ ነው፣ እዚህ ኦፐሬተር ነኝ» አልኳት። ሳይከፋት «እሺ ጋሼ» ብላ ቦርሳዋን አስቀመጠች። በዚያው ተግባባን።

በማግስቱ ስክሪኑን ትክ ብላ ስታይ ቆየችና «አባ ቁልፍ የሚባሉት የትኛው ናቸው?» ብላ ጠየቀች። አባ ቁልፍን ታስታውሺዋለሽ፤ የድሮው የፈረቃ ሹማችን፣ ወገቡ ላይ የሚያንጠለጥለው የቁልፍ ዘለላ ከሱ ቀድሞ የሚሰማ። ሲስተሙ መጀመሪያ ሲተከል መግቢያው የተከፈተው በሱ ቅጽል ስም ነበር፤ ሹሙ እሱ ስለነበር። ፓስወርዱ፣ ማለት ሲገቡ የሚጻፈው ምስጢር ቃል፣ ጠረጴዛው ላይ ካለው መስታወት ሥር በወረቀት ተቀምጦ ነበር። የቀኑም የሌሊቱም ፈረቃ በዚያው ይገባል። እኔ ፊደሎቹን ሳላውቃቸው መልካቸውን ብቻ አይቼ ነበር የምነካቸው። ሰውየው ጡረታ ወጣ፤ በስሙ ገባን። ሞተ፤ ቀበርነው፣ አለቀስንለት፣ በነጋታው በስሙ ገባን። ነውር ነው ብሎ ያሰበ አንድ ሰው አልነበረም።

ኤሌክትሪሺያናችን፣ ያ ምላሱ እንደ ተላጠ ሽቦ የሚነዝረው፣ «ምን አጠፉ ደግሞ?» አላት። «ምንም አላጠፉም፤ መቼ እንደሚተኙ ልጠይቃቸው ብዬ ነው። በዚህ መዝገብ ከሄድን ቀንም ሌሊትም እሳቸው ብቻ ናቸው የሚሠሩት» አለች። ዐይን ለዐይን ተያየን። «አሁንማ ጥሩ እንቅልፍ ላይ ናቸው፤ ከቀበርናቸው ቆየን» አላት። ልጅቷ እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች። «ታዲያ ትናንት ሁለተኛውን ፓምፕ ያጠፋው ማነው?» ስትል እሱ ፊቱን ሳይለውጥ «እሳቸው ናቸዋ፤ ድሮም ትጉህ ሰው ነበሩ» አላት። እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ስቃ ስትጨርስ ግን አልማረችንም፤ የአባ ቁልፍን ስም ከሲስተሙ ሰረዘችው።

የጣቢያው ኃላፊ ተጠርቶ መጣና ትእዛዝ ሰጠ። ከአሁን በኋላ ሁሉም ሰው በራሱ ስምና በራሱ ፓስወርድ ይገባል፤ ጥገናው ሲያበቃ የአላርም ፈተና አለ፤ በፈተናው ቀን ብቻውን ገብቶ ለአላርሙ መልስ መስጠት ያልቻለ ወደ በር ጥበቃ ይዛወራል አለ። ይህን ሲል ማንንም አላየም። ሌሎቹ ግን ሁሉም ወደ እኔ ነበር ያዩት። ጡረታ ወጥቼ በኮንትራት የቀረሁ፣ ፊደል ሳነብ ከንፈሬ የሚንቀሳቀስ እኔ ብቻ ነኛ።

መጀመሪያ እንቢ አልኩ። ታውቂኛለሽ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ትል አልነበር እናትሽ። ነፍሷን ይማርና ስም በማውጣትስ ማን ይስተካከላት ነበር፤ አንድ ሰሞን «አንተ የዛገ ብሎን» ነበር የምትለኝ፣ ቢዞር ቢዞር የማይፈታ ለማለት። «እኔ ስሜን ማሽን ውስጥ አላስገባም፣ በሩንም ከሰጣችሁኝ እዘጋዋለሁ» አልኩና ተቀመጥኩ። ልጅቷ አልተከራከረችኝም። ወንበሯን ስባ አጠገቤ ሆነችና መዝገቡን ወደ ኋላ እየመለሰች አንድ ቀን አወጣች። «ይህ ቀን ምን ሆኖ ነበር ጋሼ? ብዙ ነገር ተጽፎበታል» አለችኝ። እንዴት እረሳዋለሁ። ያ ዶፍ ዝናብ የጣለ ቀን ነው። የላይኛው ታንከር ተንሳፋፊ፣ ውሃው ላይ ሆኖ ልኩን የሚያሳየው፣ ተጣብቆ ዓምዱ ባለበት ቆሞ ቀረ፣ ፓምፑ ግን ይገፋል። ዓምዱ አለመንቀሳቀሱ አላምር ብሎኝ ፓምፑን አቆምኩና ሰው ወደ ላይ ላክሁ። ውሃው ከአፉ ደርሶ ነበር። ትንሽ ብንቆይ ኮረብታው ሥር ያሉት ቤቶች ላይ ይወርድ ነበር። ይህን ነገርኳት። እሷም ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ አነበበችልኝ። ፓምፑን ያቆመ፣ አባ ቁልፍ ይላል።

ልጄ፣ ደሜ ፈላ። አባ ቁልፍን እወደው ነበር። ግን በዚያ ቀን እሱ አፈር ለብሶ ነበር፤ ላቡ ጀርባዬን ያራሰኝ እኔ ነኝ። ሥራ ለሠሪው እሾህ ላጣሪው ይባላል፤ የኔን ሥራ ግን ሟች ወስዶታል። «ይህን ማስተካከል ይቻላል?» አልኳት። «ያለፈው አይነካም ጋሼ፣ የሚመጣውን ነው የምንችለው» አለችኝ። «እንግዲያው ክፈቺልኝ፣ በሙሉ ስሜ፣ እስከ አያቴ» አልኳት።

ጣጣው ያን ጊዜ ጀመረ። ፓስወርዱ በፈረንጅ ፊደል ነው፣ ቁጥር ይግባበት ይላል፣ ምልክት ይግባበት ይላል፣ ካጠረ አልቀበልም ይላል። «ለአንድ በር ስንት ብረት ነው?» ብል ልጅቷ «ሌባው ብዙ ነዋ» አለችኝ። ቃሉን እኔው መረጥኩ፣ ፊደሉን እሷ አሳየችኝ። ከዚያ በኋላ የኔና የኪቦርዱ ጠብ ነበር። ፊደሎቹን በተራ አልደረደሯቸውም፤ ከእጅ ወድቆ እንደተበተነ እህል ናቸው። ጣቴ ወፍራም ነው፣ አንዱን ስነካ ሁለት ይጻፋል። ሦስቴ ከተሳሳቱ ደግሞ ይቆልፋል፤ ልጅቷ መጥታ እስክትከፍት ድረስ እንደ ተቀጣ ተማሪ ቁጭ ነው። ኤሌክትሪሺያኑ በዚያ ሲያልፍ «ጋሼ፣ የራሳችንን ፊደል ሳይጨርሱ ወደ ፈረንጁ ዘለሉ?» ይለኛል። «የራሴ የትም አይሄድም፣ ይጠብቀኛል» እለዋለሁ። በሌላው ቀን «የጥበቃውን ካፖርት በልክዎ አሳጥረነዋል» አለኝ። መልሱን ለፈተናው ቀን አስቀመጥኩለት።

ቤት ስገባ ካርቶን ቆርጬ ኪቦርዱን እንዳለ ሳልኩት። አስተማሪው መጥቶ ፊደሎቹን አስተካከለልኝ፤ «ደግሞ እዚህም እንዳታለሰልስልኝ» አልኩት። ከሥራ መልስ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ካርቶኑን ስደበድብ የታችኛዋ ጎረቤት ምስማር የምመታ መስሏት «ምን እየሠሩ ነው?» ብላ በሩን አንኳኳች። እጄ እየተፍታታ ሲሄድ የራሳችንንም ፊደል መጻፍ ያዝኩ። ይህ ደብዳቤ የዚያ ትርፍ ነው።

የፈተናው ቀን ኤሌክትሪሺያኑ ኮረብታው ላይ ወጣ፤ ተንሳፋፊውን በእጁ ያነሳና ታንከሩ የሞላ ያስመስላል፣ አላርሙም ይጮሃል። ከታች ያለው ሰው ገብቶ፣ የትኛው ታንከር መሆኑን አንብቦ፣ አይቻለሁ ብሎ መልስ መስጠት አለበት። ሌሎቹ አንድ በአንድ አለፉ። የኔ ተራ ሲደርስ ኃላፊውም ከበሩ ላይ ቆሞ ነበር። ጩኸቱ ጀመረ። ጻፍኩ፤ ስህተት ነው አለ። እንደገና ጻፍኩ፤ ስህተት ነው አለ። አንዲት ሙከራ ቀረችኝ። አንዱ ከኋላዬ ሳል አለ። እኔ እጄን አነሳሁና መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁ። ቃሉን በደንብ አውቀዋለሁ፣ ጣቴም አልሳተም፤ ታዲያ ምን ሆነ? ዕድሜዬን ሙሉ የማሽን መብራት ስከታተል የኖርኩ ሰው ነኝና ዐይኔ ኪቦርዱ ጥግ ላይ ወዳለች ትንሽ መብራት ሄደ። በርታለች። ልጅቷ ስታስተምረኝ ይህች ስትበራ ፊደሉ ሁሉ በትልቁ ይጻፋል፣ በትልቁ ከተጻፈ ደግሞ ሲስተሙ አይቀበለውም ብላኝ ነበር። አጠፋኋት። አላርሙ እየጮኸ፣ እኔ ሳልቸኩል፣ አንድ በአንድ ነካሁ።

ከፈተልኝ። የላይኛው ታንከር መሆኑን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩና ነጥቧን ነካሁ። ጩኸቱ ጸጥ አለ። ስክሪኑ ግርጌ ላይ የኔ ስም፣ ያባቴ ስም፣ የአያቴ ስም ተጽፎ ቆመ። አባቴ ስሙን መጻፍ ሳይችል ነው የሞተው። ኃላፊው አንዴ ራሱን ነቅንቆ ሄደ፤ እሱ ሲያመሰግን እንደዚያ ነው። ኤሌክትሪሺያኑ ከኮረብታው በስልክ «ጋሼ፣ ያን ካፖርት እንግዲህ ለማን እንስጠው?» አለኝ። «ለአባ ቁልፍ ስጠው፣ ሥራ ፈትቷል» አልኩት። ስልኩን ሳይዘጋው ሲስቅ ሰማሁት።

እንግዲህ የመጋረጃው ነገር። ልጄ፣ አልመጣም። ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ማንም አላለሰለሰውም። ብቻህን ነህ ትይኛለሽ፤ ማታ ቤት ስገባ እውነትሽን ነው። ግን ስሜን ያገኘሁት ገና አሁን ነው፤ አግኝቼው ጥዬው ልሂድ? ክፍሉን ለልጆቹ ስጫቸው። ለእንግድነት በዕረፍቴ እመጣለሁ፤ ያኔ ከነሱ ጋር እተኛለሁ። ትንሹ የሚራገጥ ከሆነ እኔም እራገጣለሁ።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሽልኝ፤ ወገቡን ሙቅ ጨርቅ ያስይዘው። ለትልቋ የልጅ ልጄ ጥርሷ እስኪበቅል ድረስም ሳትሸፍን ትሳቅ በይልኝ። ትንሹን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ለታናሽ እህትሽም ስትደውልልሽ አባትሽ በእጁ ጻፈ በያት፤ አታምንሽም፣ ስትገናኙ ይህን አሳዪያት።

ፓስወርድህ ምንድን ነው ብለሽ እንዳትጠይቂኝ። ልጅቷ ለልጅዎም ቢሆን አይንገሩ ብላኛለች። ግን ካሰብሽ ታውቂዋለሽ። የያዝኩትን አልለቅ ስል እናትሽ ከጓዳ ሆና ከምትጠራኝ ስሞች አንዱ ነው፤ ቃሉ የቤታችን፣ ልብሱ ብቻ የፈረንጅ። ፈረቃ በገባሁ ቁጥር ስጽፈው ከኋላዬ ቆማ የምትቆጣኝ ይመስለኛል፣ እኔም ጀርባዬን አቃናለሁ። በየጥቂት ወሩ በአዲስ ይቀየራል፣ አንዴ የተጻፈ አይደገምም ተብለናል። ሌሎቹ ሁልጊዜ አዲስ ቃል ከየት እናመጣለን ብለው ከአሁኑ ተጨንቀዋል። እኔ አልተጨነቅሁም። እናትሽ ያወጣችልኝ ስም እስኪያልቅ ድረስ እሠራለሁ።

አባትሽ

ከቤታችን፣ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ፣ በወሩ የመጨረሻ እሑድ ከሰዓት በኋላ ተጻፈ።